ስለ ፎገራ ሜዳና ስለ ጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ

ጣናን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት ደሴቶች ይሄዳል፤ በማግሥቱም በመኪና ተቀምጦ ወደ ጐንደር ይገሠግሣል። በሁለቱ መካከል ያለውን አገር በመስኮት አይቶት ያልፋል፤ ሣርና ውሃ፣ ከብትና የሩዝ ማሳ ነውና፣ የቆመ ሕንፃ ለሚፈልግ ዐይን የሚያስቆም ነገር ያለበት አይመስልም። ይህ የሚታለፈው አገር ግን ፎገራ ነው። ጐንደር ሳትቈረቈር ነገሥታት የከተሙት በዚህ ሜዳ ራስጌ ነው፤ ከነገሥታቱም አንዳንዶቹ ባረፉ ጊዜ የተቀበሩት ከዚሁ ዳርቻ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ነው። ስለዚህ የጐንደርን ግንብ አይቶ የፎገራን ሜዳ ሳያይ የተመለሰ ሰው፣ መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጦ እንዳነበበ ይቈጠራል።

የፎገራ ዋና ከተማ ወረታ ናት። ከባሕር ዳር በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገድ መገናኛ ስትሆን፣ ከእርስዋ አንዱ መንገድ ወደ ጐንደር፣ ሁለተኛው በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ ነው። ወረታ በአማርኛ የበጎ ሥራ ምላሽ፣ የውለታ ዋጋ ማለት ነው፤ ሕዝቡም ውለታ የማይረሳውን ሰው ወረታ መላሽ ይለዋል። የከተማዪቱን ስም የሚሰማ የቅኔ ተማሪ ምሥጢሩን ፈጥኖ ወደ ሜዳው ይመልሰዋል፤ ሜዳው ነገሥታቱንና ሠራዊቱን ይህን ያህል ዘመን ሲያበላ ወረታውን ማን መለሰለት? ብሎ ይጠይቃልና።

ሜዳውን የሠሩት ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ናቸው። ሁለቱም ከጉና ተራራ ወገን ይነሣሉ፤ ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጣና ግን 1,800 ሜትር ያህል ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ወንዞቹ ከዚያ ከፍታ እየጋለቡ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ኀይላቸው ይደክማል፤ የያዙትን ጥቁር አፈር እያራገፉ፣ ከዳርቻቸውም እየወጡ ይተኛሉ። ባሕሩም በበኩሉ ከ3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ሲል ዳርቻው ብዙ መንገድ ወደ ሜዳው ይገባል፤ በነሐሴ ወር ባሕሩ የሚያበቃበትና ምድሩ የሚጀምርበት ቦታ ይህ ነው ብሎ ድንበር መትከል አይቻልም። መስከረም ሲጠባ ውሃው ይሸሻል፤ በሸሸበት ሥፍራ ሣሩ ይበቅላል። ገበሬውም በቀድሞ ልማድ ዝናም ሳይጠብቅ በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ረባዳ ሥፍራዎች ግን ውሃው ሳይሸሽ ቈይቶ እስከ በጋው ድረስ ይተኛል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም እስከ ጕልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ መጋጥን የለመደችው በዚህ ምድር ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ሣርና ስለ ጭቃ መናገር ለታሪክ ጽሑፍ ከቁም ነገር የራቀ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ሠራዊት ሣር ከሌለበት አይሰፍርም። ዛሬ ከተማ ሲባል የድንጋይና የቆርቆሮ ቤት የተሰበሰበበት ቦታ ይታሰባል፤ ቃሉ ግን ከተመ ከሚለው የወጣ ነውና በቀድሞው ዘመን ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበትን የድንኳን አገር የሚያመለክት ነበር። በዚያ ከተማ ውስጥ ንጉሡና መኳንንቱ፣ ካህናቱና ዳኞቹ፣ ወታደሩና የወታደሩ ሚስት፣ ስንቅ አብሳይዋና ነጋዴው በአንድነት ይኖራሉ፤ ከሰውም ይልቅ የሚበዛው ፈረሱና በቅሎው፣ የሚታረደውም ከብት ነው። እንዲህ ያለው ከተማ በአንድ ሥፍራ ብዙ ወራት ከተቀመጠ የአካባቢውን ማገዶና ግጦሽ ጨርሶ ምድሩን አራቍቶ ይነሣል። ነገሥታቱ ከአገር ወደ አገር መዞራቸው ዐመፀኛ ለመቅጣት ብቻ እንደ ነበረ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሚበላውን ፍለጋም ነበር።

የመንግሥቱ ልብ ወደ ጣና ዙሪያ የተሳበው ከኢማም አሕመድ፣ ማለትም ከግራኝ ጦርነት በኋላ ነው። በ1535 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዐፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋል ጦር ከተረፉት ሰዎች ጋር ሆኖ ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ በሚባለው አገር ከኢማሙ ሠራዊት ጋር ተዋጋ፤ ኢማም አሕመድም በዚያ ሞተ። ጦርነቱ አለቀ እንጂ መንግሥቱ ወደ ቀድሞው ሥፍራው ፈጽሞ አልተመለሰም። በደቡብ በኩል የነበሩት አገሮች ተናወጡ፤ የኦሮሞም ሕዝብ ወደ ሰሜን እየሰፋ መጣ፤ በቀይ ባሕር በኩል ደግሞ ቱርኮች ምጽዋን ይዘው ወደ ውስጥ ይመለከቱ ነበር። በዚህ ጊዜ ብዙ ሠራዊት የሚመግብ፣ ወደ ትግሬም ወደ ጐጃምም የሚያደርስ፣ ጀርባውንም ለባሕር ሰጥቶ የሚቀመጥ ሥፍራ አስፈለገ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተገኘው የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው።

ይህን የተመለከተው ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው። በልጅነቱ ነግሦ ብዙ ዘመኑን በዘመቻ ያሳለፈ ንጉሥ ሲሆን፣ በ1571 ዓ.ም. በትግሬ ቱርኮችንና ከእነርሱ ጋር የተባበረውን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን ድል አድርጎ በአክሱም ሥርዐተ ንግሥ ፈጽሟል። ይህ የሚዞር ንጉሥ ግን ክረምቱን የሚያሳልፍበት ከተማ በእንፍራዝ ወገን አደረገ። ከሜዳው በላይ በኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብም በእርሱ እንደ ታነጸ ይነገራል። ግንቡ ባለ ፎቅ ነው፤ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ በማዕዘኑ ክብ የሆነ ማማ ያለው ነው። የጐንደርን አብያተ መንግሥት የሚያውቅ ሰው ጉዛራን ሲያይ ታላቅ ወንድማቸው መሆኑን በመልኩ ያውቀዋል።

በዚህ ነገር የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። ኢየሱሳውያን እንደ ጻፉት ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝ በአገራችን የተጀመረው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሆነ፣ በኖራ የተሠራው ጉዛራ እንዴት ከዚያ በፊት ሊቆም ይችላል? ስለዚህ ሕንፃው በኋለኛ ንጉሥ እጅ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው ይላሉ። ክርክሩ ባለሙያ የሚፈርደው ነው፤ ነገር ግን የሕንፃው ዕድሜ ተቈርጦ ቢታወቅ የሥፍራው ምሥጢር በዚያ አይለወጥም። ግንቡን ማንም ይሥራው፣ የሠራው ሰው በኮረብታው ላይ ቆሞ ያየው ሜዳውን ነው። ከጉዛራ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የግጦሹን ምድር፣ የወንዞቹን መውረጃ፣ ባሕሩንና የደሴቶቹን ጥላ በአንድ እይታ ያገኛል። በክረምት ሜዳው በጭቃ ተሞልቶ ፈረሰኛ አያሻግርም፤ ያለ ዋጋ የተሠራ ቅጥር ይሆናል። በበጋ ደግሞ ጎተራና ጋጣ ነው። ስለ ግንቡ የሚጽፉ ሰዎች ድንጋዩን ለክተው፣ ማማውን ቈጥረው፣ ሜዳውን እንደ ሥዕል ዳራ ቢተዉት ሰሙን ሳይፈቱ ወርቁን እንደ መፈለግ ነው።

ከሠርፀ ድንግል በኋላ የነገሡትም ከዚህ ዳርቻ ፈጥነው አልራቁም። ከእንፍራዝ የማትርቀው ቆጋ በዐፄ ያዕቆብና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የመንግሥት ከተማ ነበረች፤ ሱስንዮስ ከዚያ ወደ ጎርጎራና ወደ ደንቀዝ ሄደ፤ ልጁ ዐፄ ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ቈረቈረ። ታሪክ ተማሪ ይህን ሲያነብ ጐንደር በድንገት ከሰማይ የወረደች እንዳትመስለው መጠንቀቅ ይገባዋል። ነገሥታቱ ስልሳ ዓመት ያህል በጣና ዙሪያ እየተዛወሩ ሥፍራ መርጠዋል፤ ጐንደር የዚህ ምርጫ ፍጻሜ ናት።

መንግሥቱ ወደ ጐንደር ከሄደ በኋላም እንፍራዝ አልጠፋችም። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ታሞ ሐኪም ባስፈለገው ጊዜ ከግብጽ የተጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ በ1692 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ በእንፍራዝ አልፏል። በስፋቷ ከጐንደር እንደምታንስ፣ በአቀማመጧና በቤቶቿ አሠራር ግን እንደምትበልጥ ጽፎላታል፤ እስላሞችም በዚያ እንደ ጐንደር ሳይሆን ሃይማኖታቸውን በግልጥ ይፈጽሙ እንደ ነበር፣ በንግድም እንደ በረቱ መስክሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ወደ ግዮን ምንጭ ለመሄድ ሲሞክር በ1762 ዓ.ም. በእንፍራዝ ሰንብቷል። ከዚያ በታች በርብ ወገን የሚገኘው የይፋግ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጐንደር ወደ ጐጃም ባሶ በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ላይ ዋና ማረፊያ ነበር፤ አሞሌው፣ ቡናው፣ በቅሎውም በዚያ ሲሸጥ ይውል ነበር። ዛሬ ግን ይፋግን በስሙ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ እንፍራዝ ሲነሣ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የተባለውን መጽሐፍ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ፈላስፋው በሱስንዮስ ዘመን በዋሻ ተሸሽጎ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ በእንፍራዝ በአንድ ባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረና መጽሐፍ እየጻፈ እንደ ኖረ ይተረካል። መጽሐፉን በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የካቶሊክ መነኵሴ ነውና፣ ራሱ መነኵሴው ደረሰው የሚሉና የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው የሚሉ ሊቃውንት መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም አልተስማሙም። ደራሲው ማንም ቢሆን ግን ነጻ ሰው በሰላም የሚኖርባት፣ የተማረ ሰው ደመወዝ የሚያገኝባት ከተማ ብሎ የመረጣት እንፍራዝን መሆኑ ለከተማዪቱ ዝና በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ነገሥታቱ በሕይወታቸው ሜዳውን እንደ መረጡ፣ በሞታቸው ደግሞ ደሴቶቹን መረጡ። በጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይቈጠራል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል የተቀበረው በሬማ መድኃኔ ዓለም ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ይገኛል። ከእንፍራዝ ዳርቻ ፊት ለፊት ባለችው በምጽራሃ ደግሞ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተቀብሯል፤ የእርሱ ነገር ከሁሉ ያሳዝናል። ኢያሱ ይወዳት የነበረችው ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ ልቡ ተሰብሮ ከመንግሥት ጉዳይ ርቆ ወደ ጣና ደሴት ገባ። በጐንደር ያሉት መኳንንት ይህን ምክንያት አድርገው ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። አባት ከልጅ ጋር ሊዋጋ ቢነሣም ሕመም ያዘውና ወደ ደሴት ተመለሰ፤ በ1699 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጨቅላ መንዞ በምትባለው ደሴት ሳለ የተላኩ ሰዎች ገደሉት። ፖንሴ ያከመው ንጉሥ ይህ ነው። ገዳዮቹ በጀልባ መጡ፤ ሬሳውም በጀልባ ወደ ምጽራሃ ሄደ። ልጁም ከሁለት ዓመት በኋላ በተራው ተገደለ።

ከጉማራ አፍ ፊት ለፊት የምትታየው ጣና ቂርቆስ ከሁሉ የጠነከረ ትውፊት አላት። በገዳሟ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ ብዙ ዘመን በዚያ ኖራለች፤ እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ ዐርፋበታለች፤ ቅዱስ ያሬድም በዚያ ቈይቷል። ከምሥራቁ ዳርቻ በታንኳ የሚሻገር መንገደኛ የሚደርስባት ገደል ያላት ድንጋያማ ደሴት ናት። ይህን ትውፊት የታሪክ ሰው እንደ ታሪክ ሰው፣ አማኝም እንደ አማኝ ይመረምረዋል። ለሁለቱም ግን በዐይን የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ በየደሴቱ ያለው ጥንታዊ ዛፍ ነው። በሜዳውና በኮረብታው ላይ የነበረው ደን በመጥረቢያ ባለቀበት ዘመን፣ የደሴቱ ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሳይቈረጥ ቈይቷል። መነኰሳቱ የዕፅዋት ትምህርት ተምረው አልጠበቁትም፤ ቅጥሩ የቤተ መቅደስ ነው ብለው ጠበቁት እንጂ።

በባሕሩ ውስጥ ደግሞ ያለው ፍጥረት ለዓለም ሊቃውንት ታላቅ ነገር ሆኖ ተገኝቷል። የአገሩ ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን በጣና ውስጥ ብቻ ወደ 15 ዓይነት ተለይቷል፤ አንዱ ሌላ ዓሣ የሚበላ፣ ሌላው ከጭቃ የሚለቅም፣ ሌላውም ቅጠል የሚበላ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ሊራቡ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ። ዓሣው ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ የሚወልደው ግን በወንዝ ነው፤ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቍላሏ ይይዛል። በሰማይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ አንገታቸውና እግራቸው የረዘመ ታላላቅ አዕዋፍ ከአውሮፓና ከሩሲያ አገር ብርድ ሸሽተው በሺሕ እየሆኑ በፎገራ ይሰፍራሉ፤ እንደ ዘውድ ያለ ላባ በራሳቸው ላይ የደፉት የአገሩ አዕዋፍም ከእነርሱ ጋር ይውላሉ። ይህ ሁሉ ታይቶ በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን ወደ 700,000 ሄክታር ያህል ስፋት ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው።

መዝገቡ መልካም ነው፤ ሜዳው ግን በመዝገብ አይጠበቅም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። ውሃ የተኛበት ምድር ለጤፍ አይሆንም፤ ለሩዝ ግን ተፈጥሮለታል፤ ስለዚህ ሩዙ እንደ እሳት ተዛመተ። ከጅግና ስሙን ያገኘው ዘር እስከ ዛሬ በፎገራ ገበሬ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማእከልም በወረታ አጠገብ ተቋቁሟል፤ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል። ቀድሞ በክረምት እህል ያልነበረው ሰው ጎተራ አገኘ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሰደደ። ይህን በረከት አቃልሎ ስለ ወፍ የሚያለቅስ ሰው ርቦት የማያውቅ ሰው ነው።

ነገር ግን ዋጋው አልቀረም። የርብ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሕዝቡን እያፈናቀለ ቢያስቸግር ዳሩ በአፈር ተገደበ፤ ውሃው ከወንዙ ካልወጣ ሸሸርና ወላላ የሚሞላቸው አጡ፤ በደረቀው በኩል ማረሻ ገባ። ሸሸር ከ1979 እስከ 2000 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል አጥቷል። ግጦሹ ማሳ ሲሆን የፎገራ ላም ቊጥር እየመነመነ፣ ከሌላ ዘርም ጋር እየተደባለቀ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በባሕሩ ላይ ታየ፤ አበባው ለዐይን ያማረ፣ ሥራው የከፋ ነው። ጥልቀት በሌለው በምሥራቁና በሰሜኑ ዳርቻ ተመችቶት ዓሣ አስጋሪውን ከመረቡ፣ ከብቱን ከመጠጫው ለየው። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ የነቀለው ሥፍራ በሚቀጥለው ክረምት እንደ ገና ሲሸፈን ታይቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ ሩዝ ይቅር ወይስ አይቅር የሚል አይደለም፤ አይቀርም። ጥያቄው የርብ ውሃ በክረምት ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ የሚገባበት በር ይተውለት ወይ ነው። ለወንዙ ግድብ የሠራ መሐንዲስ በግድቡ ላይ መዝጊያና መክፈቻ ሊያበጅ ይችላል። ረግረጉ ካልሞላ በጋውን የሚያሳልፍ ሣር የለም፤ ከወንዞቹ የመጣው ደለልም በረግረጉ ሳያርፍ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ እንቦጩንም የሚያበላው ከማሳው እየታጠበ የሚወርደው ለም አፈር ነው። ሜዳው ሲታመም ባሕሩ የሚታመመው በዚህ መንገድ ነው። የጉዛራ ግንብ ቢፈርስ ኖራና ድንጋይ ተፈልጎ ይታደሳል፤ ሸሸር ግን አንድ ጊዜ በማረሻ ተገልብጦ ለባለ ይዞታ ከተከፋፈለ በኋላ የሚመልሰው አናጢ አይገኝም።

ለማየት የሚሄድ ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይምረጥ። በጠዋት ከወረታ ተነሥቶ ወደ ረግረጉ ቢወርድ፣ ሩዙ ታጭዶ በቀረው ገለባ ላይ አዕዋፉ የረገፈውን ፍሬ ሲለቅሙ ያገኛቸዋል፤ ገበሬው በአጠገባቸው ነዶውን ሲከምር አይሸሹትም። የርብን ድልድይ ተሻግሮ በአዲስ ዘመንና በይፋግ በኩል ወደ እንፍራዝ ይለፍ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ጉዛራ ላይ ይድረስ። በዚያን ሰዓት ብርሃኑ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል በሜዳው ላይ የተኛ ውሃ ካለ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከሩቅም የምጽራሃ ዛፍ ይታያል። ከግንቡ መስኮት ቆሞ የሚያበራውን ሥፍራ በጣቱ እያመለከተ ይቍጠር፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተመልሶ ይቍጠር።